በሽተኛውን የሚያውቅ ሰው

ጉበት ሕመም አያውቅም ማለት ይቻላል። በውስጡ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለም፤ የሚያመው ሸፋኑ ሲወጠር ብቻ ነው። ጨጓራ ያቃጥላል፣ ኩላሊት ወገብ ይይዛል፣ ልብ ደረት ያፍናል፤ ጉበት ግን ሥራውን ሊያቆም ሲቃረብም ዝም ነው። ስለዚህ ጉበቱ በድንገት የደከመበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጉበቴን አመመኝ አይልም። ትኩሳት ነበረኝ፣ እህል አስጠላኝ፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሽንቴ ጠቆረ ይላል። ዓይኑ ቢጫ መሆኑን እንኳ ብዙ ጊዜ ራሱ አላየውም፤ «ዓይንህ ምን ሆነ?» ያለው ሌላ ሰው ነው። ሚስቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ቡና ልትጠራው የመጣች ጎረቤት። መጻፍ የፈለግሁት ስለዚህ ሌላ ሰው ነው።

ሐኪሞች ድንገተኛ የጉበት ሥራ ማቆም የሚሉት ቀድሞ የጉበት ሕመም ባልነበረበት ሰው ላይ ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። ሰውነቱ ቢጫ ይሆናል፣ ደሙ እንደ ወትሮው መርጋት ያቅተዋል፣ አእምሮው ይታወካል። ይህ ሁሉ አንዳንዴ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ ቢረዝም ደግሞ ከ26 ሳምንት አያልፍም። ከሦስቱ ነገሩን ሁሉ የሚለውጠው የመጨረሻው ነው። በተለምዶ የወፍ በሽታ የምንለው ሲይዘው ወር ሁለት ወር ቢጫ ሆኖ ከርሞ በራሱ የሚድን ሰው ብዙ ነው። ቢጫው ሰው ንግግሩ የተለወጠ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ምክንያቱ ይታወቃል። የበላነው ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ሲፈጭ አሞኒያ ይወጣል። ጤነኛ ጉበት ይህን ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንዲወገድ ያደርጋል። ጉበት ሲያቆም አሞኒያው ከደም ጋር ወደ አንጎል ይሄዳል፤ የአንጎል ሴሎች ውሃ ይቋጥራሉ፣ አንጎል ያብጣል። የራስ ቅል ደግሞ አጥንት ነውና አይሰፋም። ሞት ከሚመጣባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

አንጎሉ ከማበጡ በፊት ግን ሰውየው ይለወጣል። ሌሊት ነቅቶ ያድራል፣ ቀን ይተኛል። ዝምተኛ የነበረው ይለፈልፋል፣ ተጫዋች የነበረው ይኮሳተራል። ገንዘብ ሲቆጥር ይሳሳታል፣ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተዋል። ሐኪሞች ለዚህ አራት ደረጃ አበጅተውለታል፤ አራተኛው ላይ በሽተኛው ራሱን ስቶ ተኝቷል፣ እርሱን ለማወቅ ማንም አይቸገርም። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ለማየት ሰውየው ትናንት ማን እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ተረኛው ሐኪም ደግሞ ሰውየውን ያየው ገና አሁን፣ በሌሊት፣ በድንገተኛ ክፍል መብራት ሥር ነው። ቁጡ ሰው ይሁን የተቆጣ በሽተኛ፣ ዘገምተኛ ይሁን የደከመ፣ በምን ይለያል?

አንዲት እናት እናስብ። ዕድሜያቸውን በካዛንቺስ የኖሩ፣ ወር በገባ በ22 ነጠላቸውን አጣፍተው ዑራኤል ሳይሄዱ የማይውሉ። ሐኪሙ ልማዱ ነውና «እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጥያቄ መልሱ ብዙ ነው፤ አንዱ በአገራችን አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይመልሳል። እሳቸው በጻድቃንና በመላእክት ነው የሚቆጥሩት። «ቂርቆስ ነው፣ ልጄ» ይላሉ። ቂርቆስ በ15 ነው፤ ዕለቱ ግን 22 ነው። ለሐኪሙ ይህ ምንም አይደለም፤ ቀን የተሳሳተ አዛውንት በየቀኑ ያያል፣ እሱም ራሱ ከሌሊት ተረኝነት ብዛት ቀን ይምታታበታል። ኮቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ የቆመችው ልጃቸው ግን ትደነግጣለች። «ዶክተር፣ እማዬ ዑራኤልን አትረሳም።»

በዚያ ክፍል ውስጥ የዚያን ሌሊት ከተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። የደም ምርመራው ውጤት ገና አልመጣም። አሞኒያ የሚለካበት ላብራቶሪ ቢኖር እንኳ በደም ውስጥ ያለው መጠንና የአእምሮ መታወኩ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ልጅቱ ያለችው ግን በቀጥታ እናቷን የሚመለከት ነው። ሐኪሙ ብልህ ከሆነ ይህን ሰምቶ ወደ አልጋው ይመለሳል፤ «እጆችዎን ወደፊት ይዘርጉልኝ፣ መዳፍዎን ወደ ላይ ቀና ያድርጉልኝ» ይላል። ጤነኛ እጅ ቀጥ ብሎ ይቆያል። የእሳቸው ግን ወደ ታች ይወድቃል፣ ይነሣል፣ እንደ ገና ይወድቃል። ፊደል የቆጠሩ ከሆነ ደግሞ ስማቸውን በወረቀት ላይ ያስጽፋቸዋል፤ ወረቀቱ በካርዳቸው ውስጥ ይቀመጥና በማግስቱም በዚያው ላይ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ቀን ፊደል መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ሕመሙ ከባሰ በሁለተኛው ቀን ፊደሎቹ መስመር ይለቃሉ፣ በሦስተኛው የመጀመሪያው ፊደል ላይ ብዕሩ ይቆማል። ከዳኑ ደግሞ ፊደሉ ተመልሶ ይስተካከላል። እንዲህ ያለው ወረቀት ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብደኝ ጥያቄ አለ። በእነዚያ ቀናት አልጋው ላይ ያለው ማነው? አሞኒያ ያዛባው አእምሮ ሚስቱን ይሰድባል፣ ልጁን አላውቅህም ይላል፣ ነርሷን ይመታል፣ በሕይወቱ ያልተናገረውን ነውር ይናገራል። የቤተሰቡ የመጀመሪያ ሐሳብ ልክፍት ነው፣ ርኩስ መንፈስ ነው የሚል ነው። ይህን ያሉትን ሰዎች አላዋቂዎች ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በትክክል ያዩት አንድ ነገር እንዳለ አምናለሁ። «ይህ እሱ አይደለም» ነው ያሉት፤ እውነታቸውን ነው። የተሳሳቱት ሌላ ማን እንደሆነ ሲናገሩ ነው። ጠበል የወሰዱትም ስለሚወዱት ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ለጉበትም ከዚህ የተለየ ምክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ጠበሉ ሆስፒታል ድረስ ሊመጣ ይችላል። የሚያጣላው መዘግየት ነው።

በሽተኛው ከዳነ ከእነዚያ ቀናት ብዙውን አያስታውስም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከሕይወቱ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት በእርሱ ዘንድ የለም፤ ያለው በአስታማሚዋ ዘንድ ነው። ምን እንዳለ፣ ማንን እንደጠራ፣ መቼ ዓይኑን እንደገለጠ የሚያውቀው እርሷ ናት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ ራሱ የሚጠይቀው እርሷን ነው፤ እርሷም ትመርጣለች፤ የሚነገረውን ትነግረዋለች፣ የማይነገረውን ትይዛለች። ስድቡን አትነግረውም። ሰው ራሱን የሚያውቀው በራሱ ብቻ ነው የሚሉ ፈላስፎች ይህን አልጋ ቢያዩት ብዬ አስባለሁ። ከማንነታችን ጥቂት የማይባለው ክፍል የተቀመጠው በሚያውቁን ሰዎች ዘንድ ነው፤ ጤነኛ ስንሆን አይታየንም እንጂ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ሕክምናውስ? ለጉበቱ በቀጥታ የሚደረግለት ነገር ጥቂት መሆኑን ሳውቅ መጀመሪያ ተስፋ የሚያስቆርጥ መስሎኝ ነበር። ጉበት ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚለየው ራሱን መልሶ በማብቀሉ ነው። ለዘመዱ ግማሽ ጉበቱን የሰጠ ሰው በወራት ውስጥ የቀረው አድጎ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይጠጋል። በድንገት የቆመ ጉበትም ባለቤቱ ካልሞተበት አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ እንኳ ሳይተው ያገግማል። ጥያቄው ያ እስኪሆን ሰውየው ይቆያል ወይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያክመው ከጉበቱ በቀር ሌላውን ሁሉ ነው፤ ለጉበቱ የሚሰጠው ፋታ ነው።

ፋታው እንዲህ ይሰጣል። ስኳር የሚያጠራቅመው ጉበት ስለሆነ የደም ስኳር በድንገት ይወርዳል፤ ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ ጣት ተወግቶ ይለካል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን። የወረደ ስኳርና የታወከ አእምሮ በመልክ አንድ ናቸውና ይህን ያልለካ ሐኪም ገዳዩን ከፊቱ አስቀምጦ ያልፈዋል። የአልጋው ራስጌ ወደ ሠላሳ ዲግሪ ከፍ ይላል፣ አንገት ቀጥ ይላል፣ ደም ከራስ እንዲመለስ። የአንጎል እብጠቱ ከበረታ ማኒቶል ወይም ጨው የበዛበት ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። ሆድ እንዲለሰልስ ላክቱሎስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ኢንፌክሽን በየቀኑ ይፈለጋል፤ የሰውነት መከላከያም አብሮ ደክሟልና። ራሱን የሳተ ሰው ትንፋሹ እንዳይታፈን ቱቦ ይገባለታል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ አስታማሚዋን የሚያስቆጣው የማይደረገው ነው። በሽተኛው ሲያስቸግር፣ ልብሱን ሲጥል፣ መርፌውን ሲነቅል «እባካችሁ የእንቅልፍ መርፌ ስጡት» ትላለች። ሐኪሙ እምቢ ይላል። የማስተኛ መድኃኒትን ከደም የሚያጠራው ጉበት ነው፤ ጉበት በሌለበት የተሰጠ እንቅልፍ መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም፣ ንቃቱም ሲቀንስ ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ መለየት አይቻልም። ይህን ለአንዲት ሌሊቱን ሙሉ ላልተኛች ሴት ቆሞ፣ ሳይቸኩል ማስረዳት ሕክምና ነው። የሚያስረዳት ሲጠፋ ቤት ሄዳ ከጎረቤት ኪኒን ታመጣለችና።

ይህ ሁሉ ከመጠበቅ ያለፈ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ያልሞከሩት የለም። የበሽተኛውን ደም አውጥተው በሌላ ሰው ደም ለወጡ። የአሳማ ጉበት ከሰውነት ውጭ አስቀምጠው ደሙን በእርሱ ውስጥ አሳለፉ። ኮርቲዞን ሰጡ። አንዱም የሚፈለገውን ያህል አልሠራም። ቶማስ ስታርዝል በ1963 እ.ኤ.አ. በዴንቨር የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ አደረገ፤ የመጀመሪያው በሽተኛ፣ ሕፃን ልጅ፣ ከቀዶ ሕክምናው አልተነሣም፤ ከዓመት በላይ የኖረ በሽተኛ የተገኘው ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ንቅለ ተከላ በኋላ የብዙዎችን ሕይወት አተረፈ፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ከ1973 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያከማቸውን ከ3300 የሚበልጡ በሽተኞች መዝገብ ሲያወጣ አንድ ነገር ጎልቶ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ 17 የማይሞላው ነበር የሚተርፈው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከመቶ 62 ተረፈ። ንቅለ ተከላ ያልተደረገላቸውን ብቻ ለይተን ብንወስድ ደግሞ ከመቶ 48 ደረሰ። ከስድስት አንድ ይተርፍበት በነበረው በሽታ፣ አዲስ ጉበት ሳይገባ፣ ግማሽ ያህሉ መትረፍ ጀመረ። ያተረፋቸው በደንብ የተያዘ ጥበቃ ነው።

ይህ ቁጥር ለእኛ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። የጉበት ግን አይሰጥም። ቀስ ብሎ በሚሄድ የጉበት በሽታ የተያዘ ሰው የሕክምና ቦርድ ወረቀት አስጽፎ፣ ዘመድ አሰባስቦ፣ ፎቶው ያለበት ባነር በመኪና ላይ ተሰቅሎለት፣ የባንክ ቁጥሩ በየስልኩ ተላልፎ፣ ሕንድ ወይም ቱርክ ሊሄድ ይችላል። የሚሳካላቸው አሉ። በድንገተኛው ግን ይህ መንገድ አይሠራም። ገንዘቡ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ቪዛው ቀናት፣ የሚለግሰውም ዘመድ ምርመራ አለበት፤ አንጎሉ ያበጠን ሰው ደግሞ አውሮፕላን ላይ ማውጣት ራሱ አደጋ ነው። ካዛንቺስ ላይ በሰኞ ቢጫ ሆኖ በሐሙስ ራሱን ለሳተ ወጣት ያለው ሕክምና እዚሁ ከተማ ውስጥ ያለው ነው።

ኪንግስ ኮሌጅ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው መስፈርት አለ፤ በዕድሜ፣ በበሽታው መነሻ፣ በደም መርጋት፣ ቢጫው ከታየ አእምሮው እስከታወከበት ባለው ጊዜ እየመዘነ ያለ ንቅለ ተከላ የማይተርፈውን ይለያል። እዚያ መስፈርቱን የሞላ ሰው ስሙ ከሁሉ በፊት ለጉበት ይመዘገባል። እዚህ መስፈርቱን የሞላ ሰው ምን ይደረግለታል? የሚያሠጋኝ ይህ ነው። ለማዳን ተብሎ የተሠራ መለኪያ ማዳኛው በሌለበት አገር ሲገባ ፍርድ ይሆናል፤ ደካማ ቀን ላይ ያለ ሐኪም «ይህ አይተርፍም» ብሎ ፊቱን ወደ ሚቀጥለው አልጋ ሊያዞር ይችላል። መስፈርቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ግን ልክ አይደለም፤ አይተርፉም ተብለው ያለ ንቅለ ተከላ የተነሡ አሉ። አልጋ አንድ፣ በሽተኛ ሁለት ሲሆን መምረጥ ግድ ይላል፤ በዚያ ሐኪም ላይ ለመፍረድ አልደፍርም። አልጋው ካለ ግን፣ መለኪያው የስኳር ምርመራውን ለማቆም ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ለቤተሰብ መንገርም የራሱ ክብደት አለው። በባህላችን መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚነገረው፤ በኮሪደር ላይ ቆሞ አይነገርም። ሐኪሙ ደግሞ ስላልሞተ ሰው ነው የሚናገረው፤ ግማሽ ተስፋ ነው የያዘው። ጥሩ ሐኪሞች ሲያደርጉ ያየሁት ይህን ነው፦ ያስቀምጧቸዋል፤ ውሃ ያስጠጧቸዋል፤ «በጣም ታሟል፣ ሊሞት ይችላል፣ እኛ ግን አልተውነውም፤ ዛሬ ሌሊት የምናደርገው ይህ ነው» ይላሉ። ከዚያ ለአስታማሚዋ ሥራ ይሰጧታል። ስሙን እየጠራሽ አናግሪው፤ ሲለወጥ ጥሪን። ይህ ማጽናኛ ብቻ እንዳልሆነ ከላይ የተናገርኩት ያስረዳል።

ስለ ማስታመም ይህን ያህል ማለቴ ለድህነት ምስጋና እንዳይመስል እፈራለሁ። ፍቅር ስኳር አይለካም። የአስታማሚዋ ዓይን ለውጡን ካየ በኋላ የሚሮጥ ሐኪም፣ በሌሊት የሚሠራ ላብራቶሪ፣ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ ባዶ የመተንፈሻ መሣሪያ ከሌለ ያየችው ነገር ጭንቀት ብቻ ይሆንባታል። በሌሊት ማዘዣ ይዛ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የምትሮጥ እህት በዚያ ሰዓት አልጋው አጠገብ አይደለችም። እኛ ዘንድ ቤተሰብ ተላላኪም፣ ገንዘብ ከፋይም፣ ነርስም ሆኖ ስለሚሠራ፣ ሌላ ማንም ሊተካው የማይችለውን ሥራውን፣ በሽተኛውን የማወቅ ሥራውን፣ ለመሥራት ጊዜ ያጣል። ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገው ለአእምሮው ብቻ አይደለም። ጉበት ለምን ቆመ ለሚለውም ምስክሩ እሱ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረው መቼ ነው? የወፍ መድኃኒት ብሎ ከባህል ሐኪም ሥር ቀምቅሞ ጠጥቷል? በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች የዚህ በሽታ ዋናው መነሻ በየሱቁ የሚሸጠው ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ሲወሰድ ነው፤ እንግሊዝ በ1998 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ የሚሸጠውን ብዛት በሕግ ከወሰነች በኋላ ሞቱ ቀንሷል። ፓራሲታሞል ማርከሻ አለው፤ አሲቲልሲስቲን ይባላል፤ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ከተሰጠ ጉበቱን ከጉዳት ይጠብቃል፣ ቢዘገይም ጥቅም አለው። ሕይወቷን ልታጠፋ ኪኒን የዋጠች ልጅ ቤተሰቦች ግን ሐፍረት ይዟቸው «የበላችው ምግብ ነው» ይላሉ። ባዶውን የኪኒን ልጣጭ ቆሻሻ ውስጥ ያየችው እህት ዝም ትላለች። እማጸናለሁ፣ ዝም አትበይ። ሐኪሙ ሊፈርድባት አልመጣም፤ የሚፈልገው ሰዓቱን ነው።

በአገራችን ግን ትልቁ መነሻ ቫይረስ ነው፤ ከቫይረሶቹም እዚህ ላይ ልቆይበት የምፈልገው ሄፓታይተስ ኢ ነው። በሰገራ በተበከለ ውሃ ይተላለፋል። ዴልሂ ውስጥ በ1955 እና 56 እ.ኤ.አ. የያሙና ወንዝ ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ 29000 ሰው ቢጫ ሲሆን ማንም ስሙን አያውቅም ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. በካሽሚር ሐኪሙ መሐመድ ሱልጣን ኹሩ ያየው ነገር ግን ሁሉን አስደነገጠ፤ ወረርሽኙ ሌላውን ሰው እያማቀቀ ሲለቅ እርጉዞችን ይገድል ነበር። በእርግዝና የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በዚህ ቫይረስ ከተያዙ ሴቶች ከመቶ ከ20 እስከ 25 ሊሞቱ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ለምን እርጉዞችን እንደሚመርጥ እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ አልተገኘም።

ይህ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት እደማርያም ጸጋ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሄፓታይተስ ኢ በኢትዮጵያ ከወረርሽኝ ውጭም፣ በተራው ቀን፣ በአዋቂዎች ላይ ለሚታየው ድንገተኛ የጉበት ብግነት ዋና መነሻ እንደሆነና እርጉዞችን አብልጦ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። የጎንደር ተወላጅ የሆኑት እኚህ ሊቅ ይህን ያረጋገጡት ቫይረሱ ራሱ ለሳይንስ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ከእኛ መካከል ስማቸውን በዚህ ሥራቸው የሚያስታውሱ ጥቂቶች መሆናቸው ያሳዝነኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፖች ወረርሽኙ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ1000 በላይ ሰው ተጠርጥሮ ተመዘገበ፣ ሃያ የሚያህሉ ሞቱ። ክትባቱ አለ፤ ቻይና በ2011 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች፤ ወረርሽኝን ለመግታት የመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2022 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን፣ በቤንቲዩ ነው። በእኛ መደበኛ የክትባት ዝርዝር ውስጥ የለም።

ካዛንቺስ ባለበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ የእናቶች ሆስፒታል ነው፤ ዘውዲቱ ሆስፒታልም በዚያው ክፍለ ከተማ ነው። ቢጫ ሆና የመጣች እርጉዝ የመጀመሪያ ደጅዋ እንደነዚህ ያሉ ሆስፒታሎች ናቸው። በእርግዝና መጨረሻ ጉበትን የሚያቆሙ ሌሎች በሽታዎችም አሉ፤ ለአንዳንዶቹ መድኃኒቱ ቶሎ ማዋለድ ነው፣ ለሄፓታይተስ ኢ ግን ማዋለዱ በራሱ ማዳኑ አልተረጋገጠም። አዋላጇ ነርስና የውስጥ ደዌ ሐኪሙ በአንድ ሌሊት መነጋገር አለባቸው። የሴትየዋ ባል ደግሞ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስታወራ አትገባኝም» ቢል ከሁለቱም በፊት መሰማት አለበት።

ካዛንቺስን በዚህ ጽሑፍ ደጋግሜ የጠራሁት በምክንያት ነው። ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ስሙን ያገኘው ይህ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ከነበረበት ተነሥቶ ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች መንደሮች ሄደ። የሄደውን ሁሉ በናፍቆት ማሳመር አልፈልግም። ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ይጠቀምበት የነበረ ግቢ፣ የግንፍሌ ወንዝ የሰፈሩን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚወርድበት ቦይ፣ አምቡላንስ የማይገባበት ቅያስ ለጉበት የሚመቹ አልነበሩም። የራሱ ቧንቧና የራሱ መጸዳጃ ያለው ቤት ሄፓታይተስ ኢን ከማንኛውም መድኃኒት በላይ ይከላከላል፤ ቤቱ ሲሰጥ ውሃው ከቧንቧው መውጣቱን ማረጋገጥ ግን የሰጪው ግዴታ ነው።

የጠፋው ሌላ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ግድግዳው ስስ ስለነበር የአንዱ ቤት ሌሊት ለሌላው ይሰማ ነበር። አቶ እገሌ ዛሬ ሌሊት ብቻውን ሲያወራ አደረ፣ እሱ እኮ በጊዜ የሚተኛ ሰው ነበር የምትል ጎረቤት ነበረች። ያች ጎረቤት ዛሬ ሌላ ሕንፃ ላይ፣ ምናልባትም ሌላ መንደር ናት። ብቻውን የሚኖር ሰው አእምሮው ሲለወጥ በሩን የሚያንኳኳ የለም፤ ራሱ ደግሞ መለወጡን አያውቅም። አዲሶቹን መንደሮች የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። ሰዎች ሲዛወሩ የድሮ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ሕንፃ እንዲገባ ማድረግ በጀት አይጠይቅም። የተበተኑ ዕድርተኞችም እንደገና ሲሰባሰቡ በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ከቀብር በፊት ያለውን ሌሊት ቢጨምሩ፣ አባል ታሞ ሲተኛ ተራ ገብቶ የሚያድር ሰው ቢመድቡ፣ ብዙ ድንኳን ሳይተከል ይቀራል።

አንባቢዬ፣ ቤትህ ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካለና ንግግሩ፣ እንቅልፉ ወይም ጠባዩ ከተለወጠብህ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰደው። እርጉዝ ከሆነች ቢጫነቱ ብቻውን ይበቃል። የዋጠውን ኪኒን ልጣጭ፣ የጠጣውን ሥር ቅሪት በፌስታል ይዘህ ሂድ፣ ሳትደብቅ ተናገር። ማስታገሻም የእንቅልፍ ኪኒንም አትስጠው። ሐኪሙ ባይጠይቅህም «እኔ የማውቀው እንዲህ ነበር፣ ዛሬ እንዲህ ሆኗል» በለው፤ ካልሰማህ ድገምለት።